ጠመኔ ወይስ ፓስቴል? ሞዴል ቤት ለማስረጀት የትኛውን ልግዛ?

የለገሃር ባቡር ጣቢያን በካርቶን እየሠራሁ ነው። ልኩ 1 ለ87 ነው፤ የባቡር ሞዴል ሠሪዎች ኤችኦ የሚሉት። በዚህ ልክ 1.74 ሜትር የሚረዝም ሰው 2 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ግድግዳው ተቆርጦ፣ ተለጥፎ፣ ቀለም ተቀብቶ ሲያልቅ ሳየው ግን አንድ ነገር ጎድሎታል። ትናንት የተሠራ ነው የሚመስለው። ዋናው ጣቢያ የተመረቀው በ1922 ዓ.ም. ነው። ስንት ክረምት ዘንቦበታል። መጀመሪያ በእንፋሎት፣ ኋላ በናፍጣ የሚሄዱ ባቡሮች ጢስ ስንት ዓመት አጥኖታል።

ይህን ዕድሜ ወደ ሞዴል ለማምጣት በጣም ቀላሉ መንገድ ደረቅ ዱቄት ነው። ጠመኔ ወይም ፓስቴል (ሠዓሊዎች የሚስሉበት፣ ጠመኔ የሚመስል ባለቀለም ዘንግ) በምላጭ ትፍቃላችሁ፣ ዱቄቱን በብሩሽ ትቀባላችሁ። ጥያቄው የትኛውን እንግዛ ነው። ገንዘባችሁ ለአንድ ብቻ ከበቃ ሶፍት ፓስቴል ግዙ። ለምን እንደሆነ ላስረዳ።

ከጠመኔ ልጀምር። የጥቁር ሰሌዳ ጠመኔ ኪስ አይጎዳም። ከመርካቶ እስከ አራት ኪሎ የትኛውም ጽህፈት መሣሪያ ቤት አይጠፋም፤ አንድ ፓኮ ለዓመታት ይበቃል። የበጋ አቧራ፣ ከግድግዳ የሚረግፍ ኖራ፣ ጣሪያ ላይ የደረቀ የወፍ ኩስ፤ ለእነዚህ ጥሩ ነው። ቀለሙ ግን ደካማ ነው። ጠመኔ በአብዛኛው ጂፕሰም ወይም ካልሲየም ካርቦኔት ነው። ባለቀለሙም ቢሆን ያው ነጭ ዱቄት ትንሽ ማቅለሚያ ገብቶበት ነው። ስለዚህ ከቀይ ጠመኔ ዝገት አይወጣም፤ ሮዝ ነው የሚሆነው።

ሁለተኛው ችግር ይብሳል። ዱቄቱ እንዳይረግፍ በመጨረሻ የሚነፋው ቫርኒሽ ሲነካው ይጠፋል። ትምህርት ቤት ሰሌዳ በእርጥብ ጨርቅ የጠረገ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። እርጥብ ሳለ ሰሌዳው የጠራ ይመስላል፤ ሲደርቅ ነጩ ተመልሶ ይመጣል። ቫርኒሽም እንደ ውሃው በዱቄቱ መሃል ያለውን ክፍተት ይሞላዋል። ልዩነቱ ቫርኒሹ ደርቆም እዚያው ስለሚቀር ነጩ አይመለስም። እኔ ሁለት ማታ የደከምኩበት አቧራ በአንድ ዙር ስፕሬይ ዓይኔ እያየ ጠፋ። በጣም ነው ያዘንኩት።

ሶፍት ፓስቴል ዋጋው ከጠመኔ በብዙ ይበልጣል። ግን የምትከፍሉት ለቀለም ነው። ፓስቴል ማለት የቀለም ዱቄት ነው፤ እንዳይፈርስ ብቻ ትንሽ ማጣበቂያ ገብቶበታል። ነጩ ብዙውን ጊዜ ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ ስላለው ቫርኒሽ ሲያርፍበት እንደ ጠመኔ አይጠፋም፤ ጥቂት ይደበዝዛል እንጂ። ቡናማዎቹ ደግሞ በአብዛኛው የብረት ኦክሳይድ ናቸው። ዝገትም የብረት ኦክሳይድ ነው። ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ሲቀባ እውነት የሚመስለው ለዚህ ይመስለኛል።

ትልቅ ፓኮ አያስፈልግም። ጥቁር፣ ግራጫ፣ ጠቆር ያለ ቡናማ፣ የሸክላ ቀለም፣ ቢጫ አፈር የሚመስል፤ እነዚህ አምስቱ ካሉ ይበቃል። ለልጆች ተብሎ የሚሸጠው ፓኮ ሮዝና ሰማያዊ ይበዛዋል። ከመክፈላችሁ በፊት ክዳኑን አስከፍታችሁ እዩ።

አንድ ነገር በጣም ተጠንቀቁ። ሱቅ ገብታችሁ «ፓስቴል» ብቻ ካላችሁ ኦይል ፓስቴል ሊሰጧችሁ ይችላሉ። እኔም አንዴ ተሰጥቶኝ ቤት ደርሼ ነው ያወቅኩት። ዘይትና ሰም ስላለበት ዱቄት አይሆንም፤ ይጠቀለላል፣ ይለጠፋል። መለየቱ ቀላል ነው። ወረቀት ላይ ጫር አድርጉና እፍ በሉበት። ብናኝ ከተነሳ ሶፍት ነው። ካብለጨለጨና ጣት ላይ እንደ ቅባት ከያዘ ተዉት።

ለጥላሸት ብቻ ከሆነ የሠዓሊ ከሰል ከጥቁር ፓስቴል ይረክሳል፣ ሥራውንም አያሳንስም። ለሞዴል ተብሎ በጠርሙስ የሚሸጥ የቀለም ዱቄትም አለ። ደቃቅ ነው፣ ያምራል። ከውጭ የሚመጣላችሁ ሰው ካለ አስመጡት፤ ለመጀመሪያ ቤት ግን አያስፈልግም።

የትኛውንም ብትገዙ የሚያብረቀርቅ ግድግዳ ላይ ዱቄት አይዝም። መጀመሪያ የማያብረቀርቅ ማት ቫርኒሽ ንፉበት፣ ይድረቅ፣ ከዚያ ዱቄቱን ቀቡ። በመጨረሻ ከ30 ሳንቲ ሜትር ያህል ርቃችሁ ስስ አድርጋችሁ ንፉ። ይደበዝዛል፤ አትደንግጡ። ደግማችሁ ቀቡ፣ ደግማችሁ ንፉ። የፀጉር ስፕሬይ ይረክሳል፣ ግን ያብለጨልጫል። ሞዴሉ መስታወት ውስጥ ተቀምጦ እጅ የማይነካው ከሆነ ሳትነፉ ተዉት፤ ከሁሉም የሚያምረው እንደዚያ ነው። ስትፍቁ ማስክ አድርጉ፤ ብናኙ ለሳንባ አይሆንም።

የት እንደሚቀባ የተማርኩት ከፎቶ ነው። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ሲፈርስ አሮጌዎቹን ቤቶች በስልኬ አንስቼ ነበር። አሁን አንድ በአንድ እያሰፋሁ አያቸዋለሁ። ዝገቱ ጣሪያው ላይ እኩል አልተበተነም። ከምስማሩ ራስና ቆርቆሮ በቆርቆሮ ላይ ከተደረበበት ይጀምርና ዝናቡ በሚወርድበት መስመር ይወርዳል። ብሩሻችሁም ከላይ ወደ ታች ብቻ ይሂድ። አሸንዳው በተቀደደበት ግድግዳው ላይ ጠቆር ያለ መስመር አለ። ከታች ደግሞ ዝናብ አፈሩን እየረጨ የሚያቀላው አለ። ይህ በእውነተኛ ቤት ግማሽ ሜትር ያህል ቢወጣ በ1 ለ87 ልክ 6 ሚሊ ሜትር አይሞላም። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ያበዛና ቤቱን ጎርፍ የገባበት ያስመስለዋል።

ለዚህ ጭቃ የሸክላውን ፓስቴል ዱቄት ከፋርማሲ በሚገዛ አልኮል በጥብጡት። ሲቀባ ይጠቁራል፤ አልኮሉ ሲተን ቀለሙ ይመለሳል። ከበዛ ሳትናደዱ በእርጥብ ጥጥ ጥረጉት፤ ቫርኒሽ እስካልተነፋበት ድረስ ይለቃል።