የባሕር ዳርቻ በረሃ የእግር ጉዞ፦ ውሃውን ግመል ይሸከም ወይስ መኪና? (ንጽጽር)

ሱሉልታ፣ ለገጣፎ ወይም ሰበታ የሚኖር፣ ቅዳሜ ቅዳሜ እንጦጦን የሚወጣ ሰው የበረሃ የእግር ጉዞ ሊገዛ ሲነሣ መጀመሪያ የሚጠይቀው «በቀን ስንት ኪሎ ሜትር ነው?» ብሎ ነው። ይህ የደጋ ሰው ጥያቄ ነው። ቆላ ሲወርዱ መቅደም ያለበት «ውሃውን ማን ይሸከማል?» የሚለው ነው። የቡድኑ ቁጥር፣ የቀኑ መንገድ፣ የታመመ ሰው የሚወጣበት ዘዴ፣ ዋጋውም ጭምር ከዚህ መልስ ይከተላሉ።

ለአዲስ አበባ ዙሪያ ሰው በቅርብ የሚገኘው የባሕር ዳርቻ በረሃ የጅቡቲው ነው። ከፉሪ ለቡ ጣቢያ ተነሥቶ ናጋድ የሚደርሰው ባቡር 750 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል፤ በአውሮፕላን ከሆነ ደግሞ ከቦሌ አጭር በረራ ነው። የእግር ጉዞው የሚዘጋጀው በጉቤት ባሕረ ሰላጤ፣ በ1978 እ.ኤ.አ. በፈነዳው የአርዱኮባ እሳተ ገሞራና በአሳል ሐይቅ ዙሪያ ነው። አሳል ከባሕር ወለል 155 ሜትር ዝቅ ብሎ የተኛ፣ በአፍሪካ ዝቅተኛው ቦታ ነው። በባሕሩና በሐይቁ መካከል ያለው መሬት ጠባብ ነው፤ ሦስት አራት ቀን የሚያስፈጀው ርቀቱ ሳይሆን ጥቁሩ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ (ላቫ) ነው።

ስሙ ላይ ጥንቃቄ አድርጉ። «አሳል» እና «አሳሌ» አንድ አይደሉም። አሳሌ የእኛው አፋር ውስጥ፣ ከዳሎል አጠገብ ያለው የጨው ሐይቅ ነው። ፕሮፎርማው ላይ ሐይቁ ብቻ ተጽፎ አገሩ ካልተጻፈ አስጽፉት፤ ሁለቱ ጉዞዎች በቪዛም፣ በመንገድም፣ በአኳኋንም ፈጽሞ አይገናኙም።

በግመል

የአፋር ጨው ነጋዴ የሚሄድበት መንገድ ስለሆነ ከሁሉም የሚያምረው ይህ ነው። መኪና የማይደርስበት ቦታ ታድራላችሁ፣ የሞተር ድምፅ አትሰሙም። ግን ሒሳቡን ራሳችሁ ሥሩት።

ስድስት ተጓዦች፣ አንድ መሪ፣ አንድ ወጥ ሠሪ፣ አንድ ግመል ነጂ፣ በድምሩ ዘጠኝ ሰው። በቀዝቃዛው ወቅትም ቢሆን የሚራመድ ሰው በቀን 6 ሊትር ለመጠጥ፣ 2 ሊትር ለምግብና ለእጅ መታጠቢያ ይያዝለት። ይህ ለዘጠኝ ሰው በቀን 72 ሊትር፣ ለአራት ቀን 288 ሊትር ይሆናል። የሚፈሰውንና የሚበሳውን አስባችሁ አንድ አሥረኛ ስትጨምሩ ባለ 20 ሊትሩ ጀሪካን 16 ያስፈልጋል። አንድ ግመል ስድስት ጀሪካን፣ ማለትም 120 ኪሎ ውሃ ይጫን ብንል፣ ለውሃው ብቻ ሦስት ግመል ይወጣል። ድንኳን፣ ፍራሽና እህል ሌላ ነው። እንግዲህ ለስድስት ሰው፣ ለአራት ቀን «ሁለት ግመል» የሚል ፕሮፎርማ ካያችሁ መንገድ ላይ ውሃ የሚሞላበት ቦታ አለ ማለት ነው፤ አለዚያ ውሃው አይበቃም። የትኛው እንደሆነ ጠይቁ። የሚሞላበት ቦታ ካለ በስንተኛው ቀን እንደሚደረስና የሚጠጣ ውሃ መሆኑን በጽሑፍ ያስቀምጡላችሁ።

ጀሪካኑንም ጭነቱ ከመታሰሩ በፊት ማየት ነውር የለውም። ዘይት የነበረበት ጀሪካን ፀሐይ ሲመታው ውሃው ይሸታል፤ የሚሸት ውሃ ደግሞ ሰው ሳያስበው አሳንሶ ይጠጣል፣ ጉዳቱም እዚያ ላይ ነው። ክዳኑን ጠበቅ አድርጋችሁ ጀሪካኑን በአፉ ድፉት፤ ጠብ ካለ በክዳኑ ሥር ፌስታል ማድረግ የተለመደ መላ ነው። ግመሉ ሲንበረከክ ጀሪካኑ ሹል ድንጋይ ላይ እንዳያርፍ ከሥሩ ጆንያ ይደረብለታል። ይህን ሳትነግሩት የሚያደርግ ግመል ነጂ ካገኛችሁ በሌላውም ነገር ልታምኑት ትችላላችሁ።

የግመል ጉዞ ትልቁ ጉድለት የታመመ ሰው ነው። ሁለተኛው ቀን ላይ ቁርጭምጭሚቱ የዞረበት ሰው በግመል ተጭኖ ነው የሚወጣው፤ ይህም ግማሽ ቀን ወይም ከዚያ በላይ ይፈጃል። ስለዚህ «በየቀኑ ካምፕ መኪና የሚደርስበት ቅርብ ቦታ የቱ ነው? በእግር ስንት ሰዓት?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ ወዲያው ካልመጣ ሻጩ መንገዱን አያውቀውም።

በመኪና የሚደገፍ

መሬቱ ያው ነው፤ ልዩነቱ እናንተ ቀለል ያለ ቦርሳ ይዛችሁ ትራመዳላችሁ፣ ላንድክሩዘሩ ዞሮ ማታ ካምፕ ላይ ይጠብቃል። ውሃ እንደልብ ነው፤ በረዶ ሳጥን ውስጥ ቀዝቃዛ ነገርም አይጠፋም። የደከመው ሰው ሦስተኛውን ቀን ዘልሎ በመኪና ሊሄድ ይችላል። ዕድሜያቸው ገፋ ያሉ አባት ወይም እናት፣ ወይም ለመጀመሪያ ጊዜ በረሃ የሚወርድ ሰው ያለበት ቡድን ይህን ይግዛ። የግመሉን ጉዞ እያወደስን ይህን ማለታችን ሊገርም ይችላል፤ ግን የበረሃ የመጀመሪያ ቀን ጀግና አይፈልግም።

የዚህኛው ብልሽት የሚመጣው ከአንድ መኪና ነው። ላቫው ላይ መኪና ስለማይወጣ የመገናኛው ቦታ ሩቅ ነው፤ መኪናው ጎማ ቢፈነዳበት ወይም አሸዋና ጭቃማ ጨው ቢይዘው፣ ውሃውም እህሉም ድንኳኑም እዚያው ይቀራል። በእግር ያለው ቡድን እጅ ላይ ያለው ከቦርሳው ጠርሙስ የተረፈው ብቻ ነው። ስለዚህ ሦስት ነገር ይረጋገጥ፦ ሁለት ትርፍ ጎማ መኖሩ፣ በስልክ ሲጠራ የሚመጣ ሁለተኛ መኪና መኖሩ፣ እያንዳንዱ ተጓዥ ጠዋት ሲነሣ ቢያንስ 4 ሊትር በጀርባው መያዙ። «መኪናው ስላለ አንድ ሃይላንድ ይበቃችኋል» የሚል መሪ ካለ አትስሙት።

ለሁለቱም የጅቡቲ ጉዞዎች ወቅቱ ከኅዳር እስከ የካቲት ነው። ከግንቦት እስከ መስከረም ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ይዘላል፤ በዚያ ወቅት ቅናሽ ቢቀርብላችሁም የእግር ጉዞ አትግዙ። ከኅዳር እስከ ጥር ታጁራ ባሕረ ሰላጤ ውስጥ ዌል ሻርክ የተባለው ግዙፍ ዓሣ የሚታይበት ጊዜ ስለሆነ የአንድ ቀን ጀልባ መጨመር ያዋጣል። ከእግር ጉዞው በኋላ ይሁን እንጂ በፊቱ አይሁን፤ ጀልባ ላይ በፀሐይ የተቃጠለ ትከሻ ቦርሳ አይሸከምም።

ናሚብ

ናሚብ የናሚቢያ የባሕር ዳርቻ በረሃ ነው፤ ናሚቢያ ደግሞ ሩቅ ናት። ቲኬቱና ቪዛው ዋጋውን ያንሩታል፤ የጉዞው አብዛኛው ወጪ ከመራመዳችሁ በፊት ይወጣል። ታዲያ ለምን ይገዛል? ብርዱ ነው መልሱ። ቀዝቃዛው የቤንጉዌላ የባሕር ሞገድ ዳርቻውን ስለሚያቀዘቅዘው ጠዋት ጭጋግ ይወርዳል፤ ለሰበታ ሰው የሐምሌ ማለዳ ይመስለዋል። ሙቀት የማይችል፣ መራመድ ግን የሚችል ሰው ከጅቡቲው ይልቅ እዚህ ይመቸዋል። ልብስ ላይ አትሳሳቱ፤ «በረሃ ነው» ብሎ ጃኬት ሳይዝ የሚሄድ ሰው ማታ ይንቀጠቀጣል። በክረምታቸው፣ ማለትም በእኛ ሰኔና ሐምሌ አካባቢ፣ ከምሥራቅ የሚነፍሰው ደረቅ ነፋስ ሲነሣ ደግሞ ያው ዳርቻ በሰዓታት ውስጥ ይሞቃል፣ አቧራውም ዓይን አያስገልጥም።

እዚያ የሚያደክመው አሸዋው ነው። ለስላሳ አሸዋ ላይ መራመድ ጠንካራ መሬት ላይ ከመራመድ እጥፍ ገደማ ጉልበት ይበላል፤ 12 ኪሎ ሜትር የተባለውን 24 ብላችሁ አንብቡት። ጠንካራ መሬት የሚገኘው ባሕሩ ሲሸሽ በሚተወው እርጥብ ዳር ነው። ባሕር በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይጎድላል፤ ሰዓቱም በየቀኑ 50 ደቂቃ ያህል ይዘገያል። ስለዚህ መነሻው ሁልጊዜ «ጠዋት 1 ሰዓት» ተብሎ የተጻፈ የጉዞ ሰሌዳ ባሕሩን ያላየ ሰው የጻፈው ነው። የአሸዋ ኮረብታው (ዱኑ) ግርጌ ከባሕሩ ጋር በሚገጥምበት ቦታ፣ ለምሳሌ ሳንድዊች ሃርበር አካባቢ፣ ውሃው ሲሞላ መንገዱ ይጠፋል። ዳርቻው ራሱ ይንቀሳቀሳል፦ በ1909 እ.ኤ.አ. ከዚያ በስተደቡብ ኮንሴፕሽን ቤይ ላይ የተሰበረው ኤድዋርድ ቦህለን የተባለው መርከብ ዛሬ ከባሕሩ ርቆ አሸዋ መካከል ቆሟል።

ዳናኪልን በዚህ ንጽጽር ውስጥ ያላስገባነው የእግር ጉዞ ስላልሆነ ነው። ዳሎልና ኤርታሌ በመኪና እየተደረሰ ጥቂት ሰዓት የሚኬድባቸው ናቸው፤ «የብዙ ቀን ትሬኪንግ» ተብሎ ከተሸጠላችሁ የምትከፍሉት ለመኪና ነው። የኅዳር 2018 ዓ.ም. የሃይሊ ጉቢ እሳተ ገሞራ ፍንዳታም ሊዘነጋ አይገባም፤ ከመክፈል በፊት የአካባቢውን ወቅታዊ ሁኔታ መጠየቅ ግድ ነው።

ደገኛው እግር

ከ2,400 ሜትር በላይ የሚኖር ሰው ባሕር ዳር ሲወርድ ትንፋሹ ይቀልለዋል። ወጥመዱም ይኸው ነው። እንጦጦ ላይ ፍጥነታችሁን የሚገታው ትንፋሽ ነበር፤ አሳል ላይ የሚገታ የለም፣ ሰው ይፈጥናል፣ ሰውነቱ ግን ሙቀቱን ማስወጣት ገና አልተማረም። ሰውነት ሙቀትን ለመልመድ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይፈልጋል፤ ያኔ ላብ ቶሎ ይጀምራል፣ በላቡ የሚወጣው ጨውም ይቀንሳል። የፉሪ ተራራ፣ የረር ወይም የመናገሻ ሱባ ጫካ እግርን ያጠነክራሉ እንጂ ይህን አያስተምሩም። ስለዚህ የመጀመሪያው ቀን መንገድ ከአራት ሰዓት የማይበልጥ፣ ረፋድ 4 ሰዓት ሳይሞላ የሚያበቃ ጉዞ ምረጡ። ልምምድ ስታደርጉ ባለ 2 ሊትር ሃይላንድ ስድስት ሞልታችሁ ተሸከሙ፤ 12 ኪሎ ነው፣ ትከሻ ላይ የሚቆርጠው ማሰሪያ የቱ እንደሆነ ያኔ ይታወቃል።

ውሃ ብቻ እየጠጡ መዋልም ያሳምማል፤ የወጣው ጨው መተካት አለበት። ለእያንዳንዱ ሰው በቀን ሁለት ፓኬት ኦአርኤስ ያዙ፣ አንዱ ለ1 ሊትር። የሚራመድ ሰው ንግግሩ ከተምታታ ወይም መንገዱን ከሳተ «ይረፍ» ተብሎ አይተውም፤ ጥላ ውስጥ አስገብቶ ልብሱን አውልቆ ሰውነቱን በውሃ እያራሱ ማራገብ ነው፣ ያውም ወዲያው።

ጫማ ላይ ብዙ ሰው የሚጎዳው ሳልባጅ በመግዛቱ ነው። ሳልባጅ ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ቆዳው አዲስ የመሰለ የተራራ ጫማ ለዓመታት ተቀምጦ ከነበረ በሶሉና በቆዳው መካከል ያለው ስፖንጅ ውስጥ ውስጡን ይበሰብሳል። በአውራ ጣታችሁ ጎኑን ጫን አድርጉት፤ ከተሰነጠቀ ወይም ዱቄት ከጣለ ተዉት። ካልሆነ ጫማውን እጠፉት፣ ማስቲሹ አፍ ከከፈተ ላቫው ላይ በሁለተኛው ቀን ሶሉ ተንጠልጥሎ ታዩታላችሁ። ለጅቡቲ ጠንካራ ሶል፣ ለናሚብ ቁርጭምጭሚት ላይ አሸዋ የሚከለክል መሸፈኛ ይሻላል። እግር በሙቀት ስለሚያብጥ ለሁለቱም ግማሽ ቁጥር ከፍ ያለ ይገዛ።

ምግብን በተመለከተ ቀዝቃዛው ወቅት ከጾመ ነቢያት ጋር ይገጥማል፤ የሚጾም ካለ አስቀድሞ ይነገር፣ አለዚያ ቱና ቆርቆሮ ይጠብቃችኋል። ድርቆሽና ቆሎ ከቤት መያዝ የሚመከረው ማብሰያ ውሃ ስለማይፈልጉ ነው። በሶ ግን ውሃ ይጠጣል፤ ከ6 ሊትሩ ላይ አስቡት። ጉዞው በረመዳን ከሆነ ቡድኑን የሚመሩት ሰዎች ራሳቸው ጾመኞች ናቸውና የቀኑ መንገድ ማጠሩን ጠይቁ።

ፕሮፎርማው

ዋጋው በዶላር ከተጻፈ በየትኛው ቀን ምንዛሪ ወደ ብር እንደሚቀየር ይጻፍ። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ምንዛሪው በገበያ ስለሚወሰን ቀብድ ከከፈላችሁበት ቀን እስከ መነሻው ቀን ልዩነት ሊኖር ይችላል። «በሰው» የተባለው ዋጋ ስንት ሰው ሲሞላ እንደሆነ፣ ቡድኑ ከስድስት ወደ ሦስት ቢወርድ ምን እንደሚሆን ይለይ። መሪው በምን ቋንቋ እንደሚናገርም ጠይቁ፤ ጅቡቲ ውስጥ አፋርኛ፣ ሶማልኛና ፈረንሳይኛ ነው የሚሠራው፣ ሰው ሲታመም በምልክት መነጋገር አይሆንም። የሳተላይት ስልክ ከመሪው ይጠበቅ፤ ያለ ፈቃድ ከቦሌ ይዛችሁ ለመውጣት አትሞክሩ።

ሰዓቱንም አጣሩት። ጅቡቲ ውስጥ ጠዋት «5» የሚባለው የእኛ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ነው፤ የናሚቢያ ሰዓት ደግሞ ከእኛ በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ነው። ግመሎቹ የሚጫኑት በጨለማ ነው፤ ሰዓት የተሳሳተ ሰው ሲነቃ ፀሐይዋ ወጥታለች፣ ቀዝቃዛውም የመንገድ ሰዓት አልፏል።