ማሞቂያ አልሸጥልሽም ላሉኝ ሰው

ገንዘቤን ይዤ "ሦስተኛ ማሞቂያ ይሽጡልኝ" ብዬ ስለምናቸው "አልሸጥልሽም" ብለው የመለሱኝ ሰው አሉ። ይህ ጽሑፍ ለእሳቸው ምስጋና ነው። ለበረንዳችሁ ማሞቂያ ለመግዛት ወይም ያላችሁን ለማስጠገን የምታስቡ የካፌና የምግብ ቤት ባለቤቶች ደግሞ እባካችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

ከሽሮ ሜዳ ከፍ ብሎ ወደ እንጦጦ በሚወጣው መንገድ ዳር አነስተኛ ካፌ አለችኝ። የእንጦጦ ፓርክ በ2013 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ከተከፈተ ወዲህ ከጫካው የሚወርደው ሰው አመሻሽ ላይ ጎራ ይላል፤ ሁሉም ደግሞ ውጭ መቀመጥ ይፈልጋል። የኅዳርንና የታኅሣሥን ውርጭ ለሚያውቅ ሰው የሰፈራችንን ምሽት መንገር አያስፈልግም። እንግዳው ቡና ያዝዛል፤ ሲኒው ሳይቀዘቅዝ እሱ ራሱ ቀድሞ ይቀዘቅዝና ሒሳብ ከፍሎ ይሄዳል።

ስለዚህ አምና በታኅሣሥ ወር ሁለት የጋዝ ማሞቂያዎች ገዛሁ። ያ ከሰው ቁመት የሚረዝመው፣ ባርኔጣ የደፋው፣ ከሥሩ ሲሊንደር የሚቀመጥበት ዓይነት። ሻጩ "ከትልቅ ሆቴል የወጣ ነው፤ ከአዲስ አይለይም" አለኝ። የት እንደማቆመው አልጠየቀኝም። በላዩ ጣሪያ ይኑር አይኑር አልጠየቀኝም። የጠየቀኝ በእጅ ነው ወይስ በባንክ የምትከፍዪው የሚለውን ብቻ ነው።

ክረምቱን መጋዘን ከርሞ ሲወጣ አንደኛው እየበራ ይጠፋ ጀመር። የመጀመሪያው ጠጋኝ ሦስት ሳምንት ወስዶ አስቀመጠውና በዚያው ሕመሙ መለሰልኝ፤ በዚያ ላይ ሁለት ብሎን ጎድሎታል። ሁለተኛው ገና በሩቁ አይቶ "ቦርዱ ተቃጥሏል፣ ሌላ ግዢ" አለኝ። (ይህ ዕቃ ቦርድ የሚባል ነገር እንደሌለው ያወቅሁት በኋላ ነው።) የሦስተኛውን ነገር ሳስበው ግን አሁንም ሆዴ ይላወሳል፤ ምክንያቱም እሱ ሠራው። ውስጡን ነካካ፣ በሽቦ አሰረ፣ እሳቱ ቦግ አለ። "ከእንግዲህ ምንም ቢሆን አይጠፋም" አለኝ በኩራት። ከሒሳቡ በላይ ጉርሻ ጨምሬ ሰጠሁት። ለካስ እሳቱ ሲጠፋ ጋዙን እንዲዘጋ የተሠራውን መጠበቂያ ነው የገደለው! ምኑን ከምን እንዳገናኘው እስከ ዛሬ አይገባኝም። የሚገባኝ፣ ባርኔጣው በጥቂት ቀናት ጥላሸት መጥቆሩና ነበልባሉ ቢጫ መሆኑ ነው። ያንንም ቢሆን "ቢጫ እሳት እንዴት ያምራል" እያልኩ ፎቶ አንስቼበታለሁ።

ጥፋቱን ሁሉ በሌላ ላይ አልጭንም። ሙቀቱ በነፋስ ሲበተንብኝ የበረንዳውን ሦስት ወገን በወፍራም ላስቲክ ያስጋረድኩት እኔ ነኝ። በዚያው ውስጥ የቡናው ከሰልም ይነዳል። ካፌዋ ሞቀች፤ እንግዳውም በዛ። ቡና የምታፈላው ልጃችን ግን ማታ ማታ "ራሴን" ማለት ጀመረች። ዕጣኑ ነው ብለን ዕጣን አቆምን። አልተሻላትም። እንቅልፍ አጥታ ነው አልን፤ አንድ ደንበኛማ ዓይን ነው አለ። ቤቷ ስትገባ ይለቃታል፣ በማግስቱ ምሽት ይመለሳል። ይህ ብቻውን ሊነግረን ይገባ ነበር።

እሳቸው የመጡት በአንዲት ደንበኛዬ ጥቆማ ነው። ስድሳ ዓመት የሚጠጋቸው፣ ዝምተኛ፣ የመሣሪያ ሣጥናቸውን እንደ ሕፃን አቅፈው የሚሄዱ ሰው ናቸው። ሁለቱን አይተው ሦስተኛ እንዲሸጡልኝ ነበር የጠራኋቸው። ሣጥኑን አልከፈቱም። ቀና ብለው ላስቲኩን አዩ፣ ነበልባሉን አዩ፣ የከሰሉን ማንደጃ አዩ። ከዚያም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "እህቴ፣ እዚህ ማታ ማታ ራሱን የሚያመው ሰው አለ?" አሉኝ።

ማንም አልነገራቸውም እኮ! ልጅቷ እንኳ በዚያን ሰዓት ጓዳ ነበረች። ቃል ሳልመልስ ፊቴን አይተው ተነሡ። ሁለቱንም ማሞቂያ በገዛ እጃቸው ዘጉ፤ ላስቲኩን ከሥር ከፍ አድርገው ጠቀለሉት። እንግዶች ቅር አላቸው፤ አንዱ "በብርድ ልትገድሉን ነው?" ብሎ ተነጫነጨ። እሳቸው ዘወር ብለውም አላዩት። ልጅቷን አስጠርተው ደጅ አስቀመጧት፣ ኮታቸውን አውልቀው ደረቡላት፣ "ልጄ፣ ያቅለሸልሽሻል? ያዞርሻል?" ብለው ጠየቋት። ሁሉንም አዎ አለች። ታክሲ አስቁመው ጤና ጣቢያ ድረስ አብረውን ሄዱ። ሐኪሟ ገና ስትጠይቅ እኔ ስለ ዕጣኑ ልዘባርቅ ስል "ጋዝና ከሰል፣ በተዘጋ ቦታ ውስጥ፣ ለብዙ ምሽት" ብለው በአንድ ዓረፍተ ነገር ነገሯት። ኦክስጅን ተሰጣት። ጭምብሉ ከፊቷ እስኪነሣ ድረስ ሰውየው በሸሚዝ ብቻ፣ በዚያ ብርድ ኮሪደር ላይ ቆመው ጠበቁ። እስካሁን ካየኋቸው ባለሙያዎች ሁሉ እንዲህ ያደረገ የለም። አንድም!

እኔ ደሴ ነው ያደግሁት። ክረምት ላይ አያቴ ከሰሉን ፍም እስኪሆን ደጅ ታቆየውና "ጭሱ ወጥቶለታል" ብላ መኝታችን ውስጥ ታስገባው ነበር። አንድ ንጋት እሷና ታናሽ ወንድሜ አልነሣ አሉ፤ ጎረቤት በር ገንጥሎ አወጣቸው። እነሱ ተረፉ። ከእኛ ዝቅ ብሎ የነበረ አንድ ቤት ግን በሌላ ክረምት አልተረፈም። ይህን ሁሉ እያወቅሁ፣ ዕቃው ዘመናዊ ስለሆነና ባርኔጣ ስለደፋ ብቻ ያው ነገር መሆኑን ማየት አልቻልኩም። የጤና ጣቢያው አግዳሚ ላይ ተቀምጠን ስነግራቸው ጥቂት ዝም አሉና፣ የሚገድለው ጭሱ አይደለም አሉኝ። የሚገድለው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ጋዝ ነው፤ ቀለምም ሽታም የለውም። ጋዝ ሲያፈስ የምናውቀው ሽታ እንኳ ሰው እንዲነቃ ተብሎ ሆን ተብሎ የሚጨመርበት ነው፤ ይኸኛው ግን ማንም ምንም አልጨመረበትም።

በማግስቱ መጥተው ማሞቂያውን ፈቱት። የሦስት ጠጋኞች ምሥጢር ምን ሆኖ ተገኘ መሰላችሁ? የሸረሪት ድር! ጋዙ በሚያልፍበት ቀጭን ቱቦ ውስጥ ክረምቱን ሸረሪት ቤት ሠርታበታለች። በሽቦ ብሩሽ አወጡና በጣታቸው ይዘው "ድር ቢያብር አንበሳ ያስር አይደል የሚባለው? ይኸው አንበሳሽ" አሉኝ። ከስንት ጊዜ በኋላ ሳቅሁ። በሽቦ የታሰረውን መጠበቂያ በአዲስ ቀየሩ፣ የተሰነጣጠቀውን የጋዝ ጎማ ጣሉ። ከዚያ ከራሴ ሲኒ በአንዱ ሳሙና በጥብጠው መጋጠሚያዎቹን እየቀቡ አረፋ እንዳይወጣ አዩ፤ ሲሊንደር በቀየርሽ ቁጥር እንዲህ አድርጊ፣ በክብሪት እንዳትሞክሪ አሉኝ። አሁን ነበልባሉ ሰማያዊ ነው። የጠየቁኝ ገንዘብ፣ ሁለት ብሎን አጉድሎ ለመለሰልኝ ሰው ከከፈልኩት ያንሳል።

ሦስተኛውን ማሞቂያስ? "አልሸጥልሽም" አሉኝ፤ ማሞቂያ እንደሚሸጡ ግን እኔም አውቃለሁ፣ እሳቸውም ያውቃሉ። የጋዙ ዓይነት ቦታው ግቢው ነው፣ ሰማይ በሚታይበት፤ ከጃንጥላውም ከመጋረጃውም ከእንጨት ወንበሩም ቢያንስ አንድ ሜትር ርቆ፣ መሬቱ ደልዳላ በሆነበት። ጣሪያና ግድግዳ ላለው በረንዳ ምንም የማያቃጥለውን የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ግድግዳ ላይ ከፍ አድርጎ መስቀል ይሻላል። እሱም 2000 ዋት ስለሚስብ በኤክስቴንሽን ሳይሆን የኤሌክትሪክ ባለሙያ በሚዘረጋለት የራሱ መስመር ይሁን አሉ። መብራት ሲጠፋስ ብላቸው "ያኔ ጋቢ አለልሽ" አሉኝ። እየቀለዱ መስሎኝ ነበር። አልነበረም። የጋዙ ማሞቂያ እስከ መጨረሻ ሲከፈት በሰዓት ወደ 900 ግራም ጋዝ እንደሚበላ አስልተው አሳዩኝ። አሥራ ሁለት ኪሎ የሚይዝ ሲሊንደር ሦስት ምሽት መድረሱ ለዚህ ነው፤ እኔ ደግሞ ጋዝ የሚያመጣልኝን ልጅ በሆዴ ሌባ ስለው ከርሜያለሁ። (ይቅርታ ጠይቄዋለሁ። ለምን እንደሆነ አልገባውም።)

ስምንት ጋቢ ገዛሁ። እንግዳው ከማሞቂያው ይልቅ ጋቢውን ወደደው፤ ተከናንቦ ሁለተኛ ቡና ያዝዛል። የቡናውም ከሰል አሁን በግልጽ ግቢ ነው የሚነደው። ልጃችን ደህና ናት፤ ሰውየውን "ጋሼ" ብላ ነው የምትጠራቸው፣ ሲመጡም አቦሉ የእሳቸው ነው።

ስማቸውንና ስልካቸውን እዚህ እንዳልጽፍ ለምነውኛል፤ ብቻቸውን ስለሚሠሩ የሁሉንም ጥሪ መመለስ አይችሉም። የምር የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አስፈቅጄ አገናኛችኋለሁ። እባካችሁ ደውሉላቸው፤ አደራ፣ አዲስ ከመግዛታችሁ በፊት ደውሉላቸው። ቀጠሮ ያከብራሉ፤ ቢያረፍዱ እንኳ ቀድመው ይናገራሉ። አንድ ነገር ብቻ ልንገራችሁ፦ በረንዳችሁ በላስቲክ የተጋረደ ከሆነ ሣጥናቸውን አይከፍቱም፣ መጀመሪያ እሱን አውርዱ።

የእኔ ላስቲክ ተጠቅልሎ መጋዘን ተቀምጧል፤ አሥራ አምስት ሜትር ያህል ይሆናል፣ ገና አዲስ ነው። ለችግኝ ወይም ለእህል መሸፈኛ የሚፈልግ ካለ መጥቶ በነፃ ይውሰድ። ለበረንዳ ከሆነ አልሰጥም።