ናስ ወይስ ብረት? ለትንሽ የእንፋሎት ጀልባ ቧንቧ

ለእንፋሎቱ መስመር የብረት ፊቲንግ (የቧንቧ መገጣጠሚያ) እመርጣለሁ። ግፊቱ 7 ባር ሲሆን የእንፋሎቱ ሙቀት 170 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይደርሳል። ለእንፋሎት የተሠራ ወፍራም ብረት ይህን በደንብ ይችለዋል፤ ዋጋውም ቀለል ይላል። ችግሩ ዝገት ነው። ጀልባዋ ክረምቱን ሙሉ ስትቆም ይብስበታል። ፍርፋሪው ሞተሩ ውስጥ ከገባ ደግሞ ጣጣ ነው።

ናስ (የመዳብና የዚንክ ቅይጥ) እንደ ብረት አይዝግም፣ ለመፍታትም አያስቸግርም። እንደ እንግሊዙ ዊንደርሚር ባለ ጨው አልባ ሐይቅ ላይ ውሃ ወደ ቦይለሩ (እንፋሎቱ የሚፈላበት ጋን) ለሚወስደው መስመር ደስ ይላል። ባሕር ላይ ግን ተጠንቀቁ! ጨው ውሃ ከናሱ ውስጥ ዚንኩን እየመጠጠ ያወጣዋል። ላዩ ደህና ይመስላል፣ ውስጡ ግን ተቦርቡሮ በትንሽ ምት ይሰበራል። ከውሃው ወለል በታች ላለው መገጣጠሚያ ውድም ቢሆን ነሐስ (ብሮንዝ፣ የመዳብና የቲን ቅይጥ) ግዙ።