ከሽሮ ሜዳ በላይ ያሉት የድሮ ጥበብ ጠጋኞች፦ የትኛውን ልብስ እንስጣቸው?

ከስድስት ኪሎ የሽሮ ሜዳ ታክሲ ይዞ መጨረሻው ላይ የወረደ ሰው፣ የባህል ልብስ ሱቆቹን አልፎ ወደ እንጦጦ ሽቅብ ከሚወስዱት የውስጥ መንገዶች በአንዱ ቢዘልቅ፣ ሸማኔዎችና ጥልፍ ሠሪ ሴቶች ተሰባስበው የሚሠሩበት ግቢ ያገኛል። አዲስ ልብስ አይሸጡም። የእናትና የአያት ቀሚስ፣ ነጠላ፣ ጋቢና ቡልኮ ይጠግናሉ፤ የቆዩ ጥለቶችን እየተዋዋሱ ንድፉን በአዲስ ሸማ ላይ ይደግማሉ፤ የማይጠገነውን ቅዳጅ ደግሞ ድሪቶ አድርገው ይሰፋሉ። ጥገናቸው ዓይንን ጨፍኖ የሚሰጧቸው ነው። ጥለት መድገሙም ጥሩ ነው። ድሪቶው ግን ገና ብዙ ይቀረዋል።

ልብስ ሲቀበሉ ዋጋ ከመናገራቸው በፊት ወደ መስኮት ብርሃን አንስተው ያዩታል። በእጅ የተፈተለ ፈትል ነው ወይስ እንደ መነንና ሳባ ያለ የፋብሪካ ክር? በእንዝርት የተፈተለ ክር አንዱ ቦታ ወፈር፣ ሌላው ቦታ ቀጠን ይላል፤ የፋብሪካ ክር ከዳር እስከ ዳር እኩል ነው። ካጠራጠረ ከስፌቱ ውስጥ አንዲት ክር መዝዘው ያቃጥላሉ። ጥጥ እንደ ወረቀት ነድዶ ለስላሳ አመድ ይሆናል፤ ፖሊስተር ቀልጦ ጠጠር ይሠራል። ቀጥለው የጥበቡን ጀርባ ይገለብጣሉ። በሽመና የገባ ጥበብ ከሆነ ባለቀለሙ ክር ከቅርጽ ወደ ቅርጽ ሲሻገር ይታያል፤ በማሽን የተጠለፈ ከሆነ ጀርባው በማሽኑ የሥር ክር የተሞላ ነው። ይህ ምርመራ የሚጠቅመው ለባለቤቱም ነው። «የአያቴ ፈትል ነው» ተብሎ የመጣ ልብስ ከፊሉ የፋብሪካ ክር ሆኖ ቢገኝ፣ አጥብና አጠጋገኑ ሁሉ ይለወጣልና።

የዚህ ቡድን ብልጫ የሚገኘው ቀዳዳ አደፋፈኑ ላይ ነው። ደንባቸው ግልጽ ነው፤ የሚጠግነው ክር ከሚጠገነው ጨርቅ መጠንከር የለበትም። የገበያ ፖሊስተር ክር አይበጠስም፤ ስለማይበጠስም ልብሱ በተሳበ ቁጥር በስፌቱ ጠርዝ ያለውን ያረጀ ጥጥ ይቆርጠዋል። በወራት ውስጥ ከአንዱ ቀዳዳ አጠገብ ሁለት አዳዲስ ቀዳዳዎች የሚወጡት በዚህ ምክንያት ነው። እነሱ ከልቃቂት የተመዘዘ፣ ውፍረቱ ከልብሱ ጋር የተመሳከረ ፈትል ይጠቀማሉ። ቀዳዳው ከ1 ሴንቲ ሜትር ካልበለጠ ጫፉ ደነዝ በሆነ መርፌ ይሠሩታል። ከቀዳዳው ጠርዝ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ርቀው፣ ጨርቁ ገና ጤነኛ ከሆነበት ይጀምሩና መጀመሪያ በድሩ አቅጣጫ ክሮቹን ጎን ለጎን ይዘረጋሉ። ከዚያ ማጉን አንዱን ከላይ፣ አንዱን ከታች እያሳለፉ ይሞሉታል። ክሩ ጫፍ ደርሶ በሚመለስበት ቦታ ሁሉ ትንሽ ቀለበት ይተዋሉ፤ አዲሱ ክር ሲታጠብ ስለሚሰበሰብ ያ ቀለበት ከሌለ ጥገናው ጨርቁን ይጨመድደዋል። ቋጠሮ አይቋጥሩም። ከ3 ሴንቲ ሜትር የሚበልጠውን ቀዳዳ ደግሞ ከሌላ ያረጀ ነጠላ በተቆረጠ እራፊ ከሥር ይደግፉታል፤ የእራፊው ድር ከልብሱ ድር ጋር እንዲገጥም ይደረጋል፤ ካልገጠመ በአንድ እጥበት ይጣመማል።

አጥባቸውም የሚያስመሰግን ነው። ጥለቱን ከመንከራቸው በፊት በእያንዳንዱ ቀለም ላይ ውሃ የነካ ነጭ ጨርቅ ለአምስት ደቂቃ ተጭነው ያቆያሉ። ቀይ ወይም ጥቁር ከለቀቀ ልብሱ ጨርሶ አይዘፈዘፍም። ጨውና ኮምጣጤ ቀለሙን ያጸናል የሚለው የቆየ ምክር እዚህ ቦታ የለውም፤ ትክክል ናቸው፤ የሚለቅ ቀለም በጨው አይያዝም። በረኪና በግቢው የለም፤ ነጩን ለጊዜው ያነጣል፣ ጥጡን ግን እስኪቦጨቅ ያሳሳዋል። ጋቢ አራት ድርብ ስለሆነ ውሃ ሲጠጣ ይከብዳል፤ በአንድ ጫፍ ይዞ ያነሳው ሰው በራሱ ክብደት ይቀደዋል። ስለዚህ በአቡጀዲ ላይ አንጥፈው ይነክሩታል፣ በአቡጀዲውም ያወጡታል። ሳይጨምቁ በፎጣ ጠቅልለው ውሃውን ካስወጡ በኋላ ጥላ ላይ ዘርግተው ያደርቁታል።

ስለ እድፍ እውነቱን ይናገራሉ። ከፀጉር ወደ ነጠላ የተሻገረ ቅቤ ዓመታት ከቆየና ቢጫ ከሆነ ሙሉ በሙሉ አይለቅም፤ ይለቃል ብለው ገንዘብ አይቀበሉም። የእርድ ቢጫ ግን ዘይቱ በሳሙና ከወጣለት በኋላ ፀሐይ ላይ እየደበዘዘ ይሄዳል። ለነጭ ፈትል እንዶድ መጠቀማቸው ከሳሙና ይልቅ ለጨርቁ ይራራል። አንድ ነገር ግን ሊታረም ይገባል። እጣቢው በቀጥታ ወደ ቦዩ፣ ከቦዩም ወደ ወንዝ ይወርዳል። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች የበሽታው አስተላላፊ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ማየታቸው ለቢልሃርዚያ ምርምር በር ከፍቷል፤ ያው እንዶድ ዓሣም ይገድላል። ጉድጓድ ቆፍሮ እጣቢውን እዚያ ማስረግ ከባድ ሥራ አይደለም።

ጥለት መዋዋሱ በመዝገብ ነው። የቆየ ጥለት ያለው ሰው ልብሱን ያመጣል፤ ስፋቱ፣ የክሩ ዓይነት፣ የተሸመነበት አገር፣ ያለበት ጉዳት ሁሉ ይጻፋል፤ ወሳጁ ማስያዣ ያስቀምጣል። ከጨንቻ አካባቢ የመጡ የዶርዜ ሸማኔዎች በመካከላቸው ስላሉ ንድፉን ድር በድር ቆጥረው ይደግሙታል። መሬቱ አልቆ ጥለቱ ብቻ የተረፈ ነጠላ ካለ ደግሞ ጥለቱን ወደ አዲስ ሸማ ያሻግራሉ። ከመቁረጣቸው በፊት በጠርዙ ሁለት ረድፍ ደቃቅ ስፌት ያስገባሉ፤ ያለዚያ መቀሱ እንደነካው ማጉ ይፈታል። አዲሱ ሸማ አስቀድሞ መታጠብ አለበት። ንድፍ መርጦ መሄድ የሚፈልግ ሰው መንገዱ ላይ ስድስት ኪሎ በዩኒቨርሲቲው ግቢ ያለውን የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ይጎብኝ፤ ሽቅቡን የሚችል ደግሞ እንጦጦ ማርያም ሙዚየም የዳግማዊ ምኒልክንና የእቴጌ ጣይቱን አልባሳት ይመልከት።

ድሪቶው ላይ ግን ለጥገናው ያወጡትን ደንብ ራሳቸው ይጥሱታል። ሳሳ ያለ ነጠላና ወፍራም ቡልኮ ጎን ለጎን ይገጥማሉ፤ ቡልኮው በክብደቱ ይጎትታል፣ ነጠላው በስፌቱ መስመር ይተረተራል። መጋጠሚያው በማሽን፣ ያውም በፖሊስተር ክር ነው። ለስፌት የሚተዉት ጠርዝ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ ለላላ ሽመና ከ1.5 ሊያንስ አይገባም። የጀርባው አቡጀዲ ሳይታጠብ ስለሚገባ በመጀመሪያው እጥበት ይሰበሰብና ፊቱ ይኮማተራል። ድሪቶ የሚያዝ ሰው አራት ነገር አስረግጦ ይንገራቸው፦ ተመሳሳይ ውፍረት ያላቸው ቅዳጆች ብቻ፣ የጥጥ ክር፣ ሁለቴ የታጠበ አቡጀዲ፣ ፊቱን ከመሐሉና ከጀርባው ጋር በየ10 ሴንቲ ሜትሩ የሚያያይዝ የእጅ ስፌት። ሲነገራቸው ይሠሩታል፤ ጊዜው ግን ይረዝማል።

የከፋይ ካባ፣ በተለይ ወርቀ ዘቦ (ወርቃማ የብረት ክር) ያለበት፣ አትስጧቸው። ውሃ የነካው የብረት ክር ይጠቁራል፣ ከፋዩም ይተኛል፤ ለዚህ የሚሆን መሣሪያ የላቸውም። በርኖስ ከሆነ ብል መኖሩን አስቀድማችሁ ስፌቱ ውስጥ ፈትሹ፤ ብል ሱፍ ይበላል፣ ከሌላው ሰው ልብስ ጋር አንድ መደርደሪያ ላይ ከተቀመጠ ይዛመታል። ንጹሕ ጥጥ ብል አይወደውም፤ ላብና ቅቤ ያለበትን ግን ይደፍራል፤ ስለዚህ ሳያጥቡ ማስቀመጥ አይበጅም። የተጠገነውን በፌስታል አስረው ሲሰጧችሁ ቤት እንደገባችሁ አውጡት፤ በክረምት ፌስታል ውስጥ የታፈነ ጥጥ ይሻግታል። በታጠበ አቡጀዲ ጠቅልሉት፤ በየጥቂት ወሩም እጥፋቱን አዛውሩ፤ ሁልጊዜ በአንድ መስመር የታጠፈ ነጠላ የሚያልቀው በዚያው መስመር ነው።

«ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» ነውና ከጥር 11 በፊት ባሉት ሳምንታት ሸማኔዎቹ በአዲስ ትእዛዝ ይዋጣሉ፤ ያኔ የተሰጠ ጥገና ይጣደፋል። ከበዓሉ በኋላ መሄድ ይሻላል። ዋጋው እንደ ቀዳዳው ብዛትና ስፋት በስምምነት ነው፤ ቀዳዳዎቹን አብራችሁ ቆጥራችሁ በነጭ ክር ምልክት አድርጉባቸው፤ ቁጥሩም ደረሰኙ ላይ ይጻፍ።