ኢንሹራንስ የሌለው ሰው ቢገጭዎት ማን ይከፍላል? የቨርጂኒያ፣ የሜሪላንድና የዲሲ ንጽጽር

በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ የሚኖር ሐበሻ የመኪና ኢንሹራንስ ሲገዛ ብዙ ጊዜ የሚጠይቀው ሁለት ነገር ነው፦ በወር ስንት ነው? ፉል ነው ወይስ ሊያቢሊቲ ብቻ? «የሚገጨኝ ሰው ኢንሹራንስ ባይኖረውስ?» የሚለው ጥያቄ የሚመጣው ከአደጋው በኋላ ነው። በአሜሪካ በ2022 ከ7 አሽከርካሪዎች አንዱ ያህል ያለ ኢንሹራንስ ይነዳ እንደነበር ተገምቷል። ቨርጂኒያማ እስከ ጁን 2024 መጨረሻ ድረስ 500 ዶላር ለዲኤምቪ (ለመኪና ምዝገባ መሥሪያ ቤቱ) የከፈለ ሰው ያለ ኢንሹራንስ እንዲነዳ ትፈቅድ ነበር። ያ 500 ዶላር ለተገጨው ሰው አንድም ሳንቲም አያስገኝለትም ነበር።

«ፉል አለኝ» (ከሊያቢሊቲ ሌላ ኮሊዥንም አለኝ) ማለት ብቻውን አይበቃም። ሊያቢሊቲ እርስዎ ለጎዱት ሰው ይከፍላል። ኮሊዥን ጥፋተኛው ማንም ይሁን ማን የእርስዎን መኪና ያሠራል፤ ዲዳክተብሉን፣ ማለትም ከወጪው መጀመሪያ በእርስዎ ላይ የሚወድቀውን ድርሻ፣ ግን ከኪስዎ ነው የሚከፍሉት፣ የሆስፒታል ቢልም አይነካም። ኢንሹራንስ የሌለው ሰው ወይም ገጭቶ ያመለጠ ሹፌር ለጎዳው አካልዎ፣ ከሥራ ቀርተው ላጡት ደመወዝና ለደረሰብዎት ሥቃይ የሚከፍለው አንኢንሹርድ ሞተሪስት (ዩኤም) የሚባለው ሽፋን ነው። በመኪናዎ የተሳፈሩትንም ይሸፍናል። የውልዎን የመጀመሪያ ገጽ፣ ዲክላሬሽን ፔጁን፣ አውጥተው ዩኤም ከሚለው መስመር አጠገብ ያለውን ቁጥር ይዩ። 30/60 ካለ ለአንድ ሰው እስከ 30,000፣ በአንድ አደጋ ለተጎዱት ሁሉ ደግሞ በጠቅላላው እስከ 60,000 ዶላር ማለት ነው።

ሕጉ የሚያስገድደው ዝቅተኛ መጠን ሦስቱም ጋ ይለያያል (ሦስተኛው ቁጥር ለንብረት ጉዳት የሚከፈለው ነው፤ ሁሉም በሺህ ዶላር)፦

ቨርጂኒያ፦ ሊያቢሊቲ ከጃንዋሪ 2025 ጀምሮ 50/100/25 ሆኗል። እርስዎ ዝቅ ካላስደረጉት በስተቀር ዩኤሙ ከሊያቢሊቲው ጋር እኩል ይሆናል።
ሜሪላንድ፦ 30/60/15፤ ዩኤሙም ቢያንስ ይህንኑ ያህል ነው።
ዲሲ፦ ሊያቢሊቲ 25/50/10፣ ዩኤም 25/50፣ ለንብረት 5,000 ብቻ።

የዲሲዋ 5,000 ሴንሰር የተገጠመለት ባምፐርና አንድ በር እስኪቀየር ላትበቃ ትችላለች። አዲስ መኪና ይዞ ዲሲ የሚኖር ሰው ኮሊዥን ባይተው ይሻላል። በአንጻሩ መኪናዎ አርጅቶ ዋጋው 4,000 ዶላር ከሆነ፣ ኮሊዥን ጥለው ዩኤም ላይ ቢያተኩሩ ያዋጣል፤ ሦስቱም ጋ ዩኤም ለመኪናው ጉዳትም የሚከፍልበት ክፍል አለው።

ትልቁ ልዩነት የሚታየው ግን ገጪው ኢንሹራንስ ኖሮት ሽፋኑ ሲያንስ ነው። ጉዳትዎ 150,000 ዶላር ነው እንበል፤ የገጨዎት ሰው ሊያቢሊቲ 30,000፣ የእርስዎ ዩኤም ደግሞ 100,000። በሜሪላንድ መደበኛው ዩኤም የሰውየውን 30,000 ከእርስዎ 100,000 ላይ ቀንሶ 70,000 ይሰጥዎታል፤ በድምሩ 100,000 ያገኛሉ። የእርስዎም ሽፋን 30,000 ቢሆን ኖሮ ተቀናንሶ ዜሮ ይሆንብዎ ነበር፤ ዓመት ሙሉ ከፍለው በክፉ ቀን ምንም! ለዚህ መፍትሔው ከ2018 ጀምሮ ሜሪላንድ ውስጥ የሚሸጠው «ኢንሃንስድ አንደርኢንሹርድ» (የገጪው ሽፋን ሲያንስ የሚሠራ የተሻሻለ ሽፋን) ነው። እሱ ስለማይቀንስ 30,000 እና 100,000 ተደምሮ 130,000 ይደርስዎታል። በቨርጂኒያ ከጁላይ 2023 በኋላ በወጡ ወይም በታደሱ ውሎች መደመሩ መደበኛው አሠራር ሆኗል፤ ሆኖም ዋጋ ለመቀነስ ሲባል መቀናነሱን የሚመርጡበት ወረቀት አለ። ኤጀንቱ «እዚህ ጋ ፈርም» ሲልዎት ያ ወረቀት እንዳይሆን አንብቡት። በእኔ አስተያየት እዚያ የሚተርፈው ገንዘብ ለፊርማው አይመጥንም።

«ሰውየውን እከሰዋለሁ» የሚልም አለ። መክሰስ ይቻላል፤ ግን የኢንሹራንስ ወርሃዊ ክፍያ ያቃተው ሰው 80,000 ዶላር ከየት ያመጣል? ከዝንብ ማር መጠበቅ ነው።

የጤና ኢንሹራንስ ቢኖርዎትም ዩኤምን አይተካም፤ ያጡትን ደመወዝ አይከፍልምና። ሜሪላንድ ውስጥ ፒአይፒ የሚባል፣ ጥፋተኛው ማንም ቢሆን ለሕክምናና ለጠፋ ደመወዝ የሚከፍል ቢያንስ የ2,500 ዶላር ሽፋን አለ። ትንሽ ብትሆንም ቶሎ ስለምትደርስ አትጣሏት።

ዋጋ ከከበደዎት መጀመሪያ የሚነካው ዩኤም አይሁን። የኮሊዥን ዲዳክተብሉን ከ500 ወደ 1,000 ከፍ አድርገው፣ በሚተርፈው ሊያቢሊቲውንም ዩኤሙንም ወደ 100/300 ይውሰዱት። ሁለቱ አብረው ካላደጉ አይሆንም፤ ዩኤም አብዛኛውን ጊዜ ከሊያቢሊቲ በላይ አይሸጥም። ኩባንያ ሲያወዳድሩም ለሁሉም ይህንኑ ቁጥር ስጡ። አንዱ 30/60፣ ሌላው 100/300 ላይ ተመሥርቶ የሰጠዎትን ዋጋ ማነጻጸር ትርጉም የለውም።

ኡበርና ሊፍት የምትነዱ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለባችሁ። አፑ በርቶ ተሳፋሪ እየጠበቃችሁ ሳለ ብትገጩ፣ የግል ኢንሹራንሳችሁ «ለሥራ ነው» ብሎ ዩኤሙንም ሊከለክል ይችላል። «ራይድሼር» የሚባለውን ተጨማሪ ስትገዙ «አፑ በርቶ ተሳፋሪ ሳልጭን ዩኤም ይሠራል ወይ?» ብላችሁ መልሱን በጽሑፍ ተቀበሉ።

አንድ ነገር ሦስቱንም ያመሳስላቸዋል፦ በመኪናና በመኪና ግጭት የእርስዎ ጥፋት ትንሽም ቢሆን ከተገኘ ጨርሶ ላይከፈልዎት ይችላል። ዩኤምም የሚከፍለው ገጪው በሕግ ሊከፍልዎት ይገባ የነበረውን ስለሆነ የራስዎ ኩባንያ ይህንኑ ሊያነሳብዎት ይችላል። ስለዚህ ገጪው «ፖሊስ አትጥራ፣ በካሽ እንስማማ» ቢልም ፖሊስ ይጥሩ፤ መብራቱን፣ የመንገዱን መስመርና የሁለቱን መኪና ታርጋ ፎቶ ያንሱ፤ የምስክር ስልክም ይያዙ። ገጭቶ ካመለጠ ደግሞ በዚያው ቀን ለፖሊስም ለኢንሹራንስዎም ያሳውቁ።