ቮልስ ኮምቢ ያላችሁ፣ እኚህን ሰው ሳታዩ ሞተር እንዳታስወርዱ

እስቲ ዛሬ አንድ የቮልስ መካኒክ ላመስግን። ብዙ የምጽፍ ሰው አይደለሁም። ይሄን ሳልጽፍ ብቀር ግን የሰው ውለታ እንደበላሁ ነው የምቆጥረው።

ለማታውቁን፣ እኛ ቤት አንዲት አሮጌ ቮልስ ኮምቢ አለች። በፈረንጆቹ የ1974 ሞዴል። ባለቤቴ ወደ አገራቸው ሊመለሱ ከነበሩ ጀርመኖች ነው የገዛት። ጣሪያዋ ወደ ላይ ይነሳል። ውስጧ አልጋ፣ ቁምሳጥንና ትንሽ የዕቃ ማጠቢያ አለ። ዌስትፋሊያ የሚባለው ዓይነት ነው። ባለቤቴ እንግዳ በመጣ ቁጥር ታሪኳን ይዘረግፋል። ቤን ፖን የሚባል ሆላንዳዊ ነጋዴ በ1947 ንድፏን ማስታወሻ ደብተሩ ላይ እንደሞነጫጨረ፣ በ1950 መመረት እንደጀመረች፣ ብራዚል ውስጥ ደግሞ እስከ 2013 ድረስ ስትመረት እንደቆየች። ቡናው በረካ ሲደርስ እሱ ገና ብራዚል አልገባም። ችግሩ፣ የሚሠራው ሰመራ ነው። ታሪኩ አብሮት ይሄዳል፣ መኪናዋ እኔ ላይ ትቀራለች።

ክረምት ሳይገባ ልጆቹን ይዘን ላንጋኖ ሄድን። ስንሄድ ደህና ነበረች። ስንመለስ ሞጆን አለፍ እንዳልን ጉልበት ከዳት። ከዚያ እስከ አዲስ አበባ ያለው መንገድ ዳገት መሆኑን የሚያውቅ እንደሷ ያለ መኪና የነዳ ብቻ ነው። በሦስተኛ ማርሽ እምቢ አለች፣ በሁለተኛ ተጎተትን። ሞተሯ ካለበት ከኋላ የተቃጠለ ዘይት ይሸታል። አይሱዙዎች ጥሩምባቸውን እያምባረቁ ያልፉናል። ቢሾፍቱ ጥላ ፈልገን ቆምን፣ ቀዘቀዘች፣ እንደገና ሄድን፣ እንደገና ቆምን። ቤት የገባነው በጨለማ ነው።

በማግስቱ ባለቤቴ ሰመራ ተመለሰ፣ እኔ ጋራዥ ለጋራዥ መንከራተት ጀመርኩ። ስም አልጠራም። ሁሉም ልጆች የሚያሳድጉ ሰዎች ናቸው። የሆነውን ግን ልናገር፣ ታፍኖ ቆይቷል።

አንዱ ጋ ስሄድ ልጁ መኪናዋን ሁለቴ ዞራትና «ራዲያተሯ የታለ?» አለኝ። የላትም፣ በአየር ነው የምትቀዘቅዘው አልኩት። «እህቴ፣ ማነው እንደዚህ ብሎ የሸወደሽ?» ብሎ ጓደኞቹን ጠራ። ተሰብስበው ሳቁብኝ። ራዲያተሬ ተሰርቆ ሳላውቅ የምነዳ ሴት ነኝ ማለት ነው። እንደዚያ ብለው ሲያበቁ ሊሠሯት ፈለጉ፣ ቀብድ ጠየቁኝ!

ሌላው ጋራዥ ትልቅ ነው፣ ወንበር አለው፣ ቡና ይጋብዛል። ሞተሩ መውረድ አለበት አሉኝ። ይውረድ አልኩ። ሄጄ በጠየቅኩ ቁጥር «ነገ» ነው መልሱ። ነገ፣ ከነገ ወዲያ፣ ዕቃ ጠፋ፣ ሠራተኛው ለቅሶ ሄደ። በስንት ልመና ሲያስረክቡኝ ሂሳቡ ራስ ያዞራል። ከሞተሩ ዙሪያ ያነሷቸውን ላሜራዎች ስጠይቅ «ትርፍ ናቸው፣ አየር ይዘጉ ነበር፣ ጣልናቸው። አሁን በደንብ ትተነፍሳለች» አሉኝ። አመሰገንኳቸው፣ በእግዜር! ከዚያ ቀን ወዲህ ሙቀቱ ባሰ።

ደግሞ የኋላውን ክዳን በእንጨት ደግፈሽ ከፍተሽ ንጂ ያለኝ አለ። አውልቀሽ ጣያትና የቶዮታ ሞተር እንግጠምልሽ ያለኝም አለ፣ የጠራው ዋጋ ሌላ መኪና ይገዛል። ለሽያጭ ያናገርኩት ደላላ ግን ሁሉንም በለጠ። መኪናዋን ከላይ እስከ ታች አይቶ «ለዶሮ ቤት ትሆናለች» አለኝ። ያን ዕለት አለቀስኩ። መኪናዋን ወድጃት አይደለም፣ ድካም ነው።

እንግዲህ እኚህን መካኒክ፣ ጋሼን፣ ያገኘኋቸው በቤንዚን ሰልፍ ምክንያት ነው። ከኋላዬ በአሮጌ ቮልስ የተሰለፉ አንድ አዛውንት መስኮታቸውን አወረዱና «የኔ ልጅ፣ ይቺ መኪና ታማለች» አሉኝ። ሞተሯን ሰምተው ነው። አድራሻ ነገሩኝ፣ ከተክለሃይማኖት ወረድ ብሎ አንድ ግቢ። ታፔላ የለውም። ቮልሶቹን አይተሽ ግቢ አሉኝ።

ገባሁ። ከመውረዴ በፊት አንድ ሽማግሌ እጃቸውን እያወዛወዙ መጡ። ጋሼ እሳቸው ናቸው። «አጥፊው! አጥፊው! ልጆቹን አውርጃቸው!» ከትምህርት ቤት አምጥቻቸው ኋላ ተኝተው ነበር። ደነገጥኩ። ጋሼ መሣሪያ አላነሱም። የኋላውን ክዳን ከፈቱ፣ ጎንበስ አሉና አሸተቱ።

«ቤንዚን አይሸትሽም?»

«ይሸተኛል። አሮጌ ስለሆነች ነው ብለውኛል።»

«ልጄ፣ መኪና ስላረጀ አይሸትም። ስላፈሰሰ ነው የሚሸተው።»

ካርቡራተሩ ላይ የሚገባውን ቀጭን ጎማ በፒንሳ ነቀሉት። ላዩ በክር የተሸፈነ ነው። ለኔ ጤነኛ ጎማ ነው፣ ምንም አይመስልም። ጋሼ በአውራ ጣትና በሌባ ጣታቸው ይዘው አጠፉት። ክሩ ተላቀቀ፣ ሥሩ ያለው ጎማ ዙሪያውን ተሰነጣጥቋል። ከስንጥቁ ቤንዚን ወጣ፣ ጣታቸው ላይ ወረደና ጥፍራቸው ዳር ተንጠለጠለ። ያቺን ጠብታ እስካሁን አያታለሁ።

«ልጆቹ የት ነው የሚተኙት?» አሉኝ።

አልጋው ከሞተሩ በላይ ነው። በእጄ አሳየኋቸው። መናገር አቃተኝ።

ሌላ ቃል አልጨመሩም። ቱታቸውን ሳብ አድርገው ከመኪናዋ ሥር ገቡና ከሳልባትዮው ጀምሮ እስከ ሞተሩ ያለውን ጎማ ሁሉ ቀየሩት። አንዱንም አላስቀሩም። አብሯቸው የሚሠራውን ልጅ ልከው ለልጆቼ ሚሪንዳ አስገዙ። ሲጨርሱ እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ እንዲህ አሉኝ፦ የዚህ ሞተር አካል ማግኒዚየም አለበት፣ አንዴ ከተያያዘ ውሃ ብትደፊበት ይብሳል። ሙቀቱ ሞተር ያበላሻል፣ ይሄ ግን ሰው ይበላል። ቦርሳዬን ስከፍት እጄን ያዙኝ። «ልጆች ለሚተኙበት መኪና የቤንዚን ጎማ አላስከፍልም።»

ያ ሁሉ ጋራዥ የኋላውን ክዳን ከፍቶ አይቷል። ያ ሁሉ ሰው ያንን ሽታ አሽትቷል። ወይ ጉድ!

ስለ ሙቀቱ ስጠይቃቸው «ዛሬ አልነካትም፣ ትደር» አሉኝ። ለምን? የቫልቮላ፣ የሞተሩ አየር መግቢያና መውጫ መዝጊያ፣ ክፍተት የሚለካው ሞተሩ በደንብ ሲቀዘቅዝ ነው። ሲሞቅ የተለካ ልክ አይደለም። እኔ በየጋራዡ ሳስለካ የነበረው ከመንገድ ገብቼ፣ ገና እየጋለች ነው። በማግስቱ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ስደርስ ቀድመውኝ ጀምረዋል። ቀጫጭን የብረት ቅጠል እያስገቡ፣ እያወጡ፣ ሩብ እያዞሩ፣ ደግመው እያስገቡ። ምን እንደሚያደርጉ አልገባኝም፣ ቢገባኝም እዚህ አልተነትንም። ቅጠሉ 0.15 ሚሊሜትር መሆኑን ብቻ ነገሩኝ። ሁለት ጸጉር ቢደራረብ ያህል ማለት ነው፣ ያ ሁሉ ጣጣ!

ከዚያ አስነሷትና «ሶፍት አለሽ?» አሉኝ። ፊታቸውን ሊጠርጉ መስሎኝ ሰጠኋቸው። አንዷን ቅጠል በሁለት ጣት ይዘው በሞተሩና በመኪናዋ አካል መካከል ወዳለው ክፍተት አስጠጉ። ሶፍቱ ከጣታቸው ተነጥቆ ወደ ውስጥ ገባ። ሳቁ።

«አየሽ? ከሥር የሚወጣውን የራሷን ትኩስ አየር መልሳ እየሳበች ነው። ጋቢ ተከናንቦ እንደሚተነፍስ ሰው። ላሜራዋን ማን ወሰደባት?»

እነዚያ ትርፍ የተባሉት ላሜራዎች! ለካ ሥራቸው ቀዝቃዛውን ከላይ፣ ትኩሱን ከታች ለይቶ መያዝ ኖሯል። ዙሪያውን ያለው ጎማም ለዚሁ ነው። ራዲያተር የሌለው ሞተር ያለው አየር ብቻ ነው፣ አየሩ ከተደባለቀ በምን ይቀዝቅዝ? እነዚያ ሰዎች መኪናዬን አርባ ክንድ ገደል ከተው፣ ገንዘብ ተቀብለው፣ ምስጋናም ወስደዋል። ጋሼ ግን አልተሳደቡም። ጎረቤታቸው ላሜራ ሠሪ ጋ ሄደው በካርቶን ልክ ቆርጠው አስመቱ፣ የጠርዙን ጎማ ሶማሌ ተራ ወርደው ራሳቸው ፈልገው መጡ። ሞተሩ አልወረደም። አልተከፈተም። የከፈልኩትን ብናገር አታምኑኝም፣ ያ ትልቁ ጋራዥ ለቡናው የሚያወጣው ይበልጣል።

ሌላው የምወድላቸው ነገር ማስረዳታቸው ነው። ሴት ናት፣ አይገባትም ብለው አይዘሉኝም። የባትሪው ቀይ መብራት መንገድ ላይ ከበራ ባለሽበት ቁሚ አሉኝ፣ እስከ ቤት ልድረስ አትበዪ። ዲናሞውን የሚያዞረው ቺንጊያ ማራገቢያውንም ያዞራል፣ እሱ ከተበጠሰ ንፋስ የለም፣ ሞተሩ ወዲያው ነው የሚያልቀው። ይሄን በዚህ ሁሉ ጊዜ አንድ ሰው አልነገረኝም። ዘይቷ 2.5 ሊትር ብቻ ስለሆነ ትንሽ ሲጎድል ብዙ ነው፣ እሱም ያቀዘቅዛታል። በየ5000 ኪሎ ሜትሩ ይቀየር፣ ወንፊቱም ይታጠብ። ቺንጊያውን በአውራ ጣቴ ተጭኜ እንድለካ አስተማሩኝ። አሁን እሁድ እሁድ እጫናለሁ። ጎረቤቶቼ ያዩኛል፣ ይዩኝ።

ማታ ለባለቤቴ ደወልኩለት። የጎማውን ነገር ስነግረው ዝም አለ። እሱ ዝም የሚል ሰው አይደለም፣ ያያችሁት ታውቃላችሁ። ቆይቶ «አልጋው ሥር?» አለኝ። አዎ። እንደገና ዝም። በሚቀጥለው ፈቃዱ ከአፋር ፍየል ጭኖ መጣ፣ ለጋሼ። እኔ ደግሞ ድፎ ዳቦ ደፋሁ። ጋሼ ፍየሏን አይተው ሳቁ፣ ዳቦውን ተቀበሉ፣ ፍየሏን ለልጆቹ እረዱላቸው አሉ። ከዚያ ወደ ባለቤቴ ዞረው «አንተ ግን የፊት ጎማህ መላጣ ነው፣ የፍየሉን ገንዘብ ለሱ ብታደርገው ይሻል ነበር» አሉት። የ1947ቱን ታሪክ ሊጀምርላቸው ሲል «አውቀዋለሁ» ብለው አቋረጡት። በሕይወቴ እንደዚያ ስቄ አላውቅም።

ላንጋኖ ደግመን ሄደናል። ሞጆ ላይ እጄ መሪው ላይ ላበው። ከሞጆ እስከ አቃቂ ድረስ ጆሮዬን ኋላ አድርጌ ነዳሁ። አልቆመችም። ልጆቹ አልጋቸው ላይ ተኝተው ገቡ። እግዜር ይስጣቸው፣ ዕድሜ ከጤና ጋር።

አንድ የሚያሳስበኝ ነገር አለ። አብሯቸው ያለው አንድ ልጅ ብቻ ነው። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የነዳጅ መኪና ማስገባት ስለተከለከለ ጎረምሳው ሁሉ የኤሌክትሪክ መኪና ልማር ይላል፣ ይማር፣ ደግ ነው። ግን ያለችን መኪና ያለችን ናት። በየሰፈሩ ያለው ቮልስ ሁሉ ነገ ማን ያየዋል? ልጆች ያላችሁ፣ እጁ ለሥራ የሚሆን ካላችሁ፣ ጋሼ ጋ ላኩት። ይቆጡታል፣ ግን ያስተምሩታል።

ቮልስም ሆነ ኮምቢ ያላችሁ ሂዱ። እባካችሁ ሂዱ። ሞተር ይውረድ የተባላችሁ ከሆነ ደግሞ ዛሬውኑ ሂዱ። ቤንዚን የሚሸታችሁማ ነድታችሁ አትሂዱ፣ አስጎትቱ።

ስማቸውንና ስልካቸውን እዚህ አልጽፍም፣ አይወዱም። በውስጥ መስመር ጠይቁኝ፣ እልካለሁ። ቢደወልም ብዙ ጊዜ አያነሱም፣ እጃቸው ዘይት ነው፣ በአካል መሄድ ይሻላል። መኪናዋን ማታ አድርሳችሁ አሳድሩ፣ ጠዋት ቀዝቃዛ ሞተር ነው የሚፈልጉት። በወሩ 12፣ በሚካኤል አይሠሩም። ዋጋ አትከራከሯቸው፣ የሚከራከሩበት ነገር የለውም። ቶዮታ ያላችሁ አትድከሙ፣ «ራዲያተር ያለው አልነካም» ይላሉ።