የቶሮ መንደር ሞዴል፦ ደሴ ላይ ለሚያዝዙ የታሪክ መምህራን

ደሴ ፒያሳ አካባቢ ያለ አንድ የእንጨት ሥራ ቤት ለትምህርት ቤቶች የታሪክ ሞዴል በትእዛዝ ይሠራል። የጃፓኑን ቶሮ በ1፡20 ልኬት፣ 60 በ80 ሴንቲ ሜትር ኮምፖርሳቶ ላይ አዘጋጅቶታል፤ አንድ መኖሪያ ቤት፣ አንድ ጎተራና የሩዝ ማሳ ጠርዝ አለው።

ቶሮ ሺዙኦካ ከተማ ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1943 በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት ፋብሪካ ሲገነባ ተገኘ፤ ከ1947 እስከ 1950 ተቆፈረ። ከ2,000 ዓመት ገደማ በፊት የነበረ የሩዝ ገበሬዎች መንደር ሲሆን 12 መኖሪያ ቤትና 2 ጎተራ ተለይቶበታል። አፈሩ ውሃ ያዘለ በመሆኑ እንጨቱ ሳይበሰብስ ቆይቷል፤ አካፋው፣ የሽመና ዕቃው፣ ጭቃ ውስጥ እንዳይሰጥሙ የሚጫሙት ሰፊ የሳንቃ ጫማ ሳይቀር ወጥቷል። ይህን ያህል ማስረጃ እያለ በግምት መሥራት አያስፈልግም።

በምሰሶ ላይ የቆመው የሞዴሉ ጎተራ ሲበዛ የሚያምር ሥራ ነው። የግድግዳው ሳንቃዎች ተነባብረው ማዕዘኑ ላይ ተጠላልፈዋል፤ አንድም ምስማር አይታይም። የአይጥ መከላከያው ሳንቃ ግን ከወለሉ ሥር፣ ምሰሶው አናት ላይ መሆን ሲገባው መሐል ላይ ተሰክቷል። ምሰሶው ወደ ላይ ስላልቀጠነ ሳንቃው የሚያርፍበት ትከሻ የለውም፤ ኮላው ሲለቅ ተንሸራትቶ ይወርዳል። ከወለሉ በላይ ያለው የምሰሶው ክፍል በመሮ ይቅጠን፤ ሳንቃው ወለሉ ከመገጠሙ በፊት ከላይ ይግባ። መሰላሉም ከአንድ ግንድ ደረጃ እየተቀረጸለት እንጂ እንደኛ በሁለት ቋሚ አይሠራም፤ ጣት የሚያህል የባህር ዛፍ ጭራሮ ይበቃዋል።

የመኖሪያ ቤቱ ስህተት ይብሳል። ወለሉ ተቆፍሮ ዝቅ ብሏል፤ በዚያ ረግረግ ሜዳ ላይ እንዲህ ቢሆን ውሃ ይሞላው ነበር። የቶሮ ቤት ወለል ከመሬቱ እኩል ነው፤ ዙሪያውን በሳንቃ የተደገፈ የአፈር ካብ ይከበዋል። ኮምፖርሳቶውን አታስቆርጡ፤ ካቡ ሰጋቱራ በኮላ ተለውሶ ይሠራ። ለጣሪያው ሰንበሌጥ በዚህ ልኬት ይወፍራል፣ የጤፍ ጭድ ይሻላል።

ቫርኒሹ የተቀባው ከላይ ብቻ ነው። በደሴ ክረምት ያልተቀባው ሥሩ እርጥበት ስቦ ያብጣል፤ ጠርዙም ወደ ላይ ይቆለመማል። ሁለቱም ፊት ይቀባ፣ ከሥር ሁለት ሞራሌ ይመታበት። ወደ ኮምቦልቻ የምትወስዱት ከሆነ ጣሪያው በኮላ እንዳይጣበቅ ንገሯቸው፤ የሐረጎን ጠመዝማዛ ለብቻው ተጠቅልሎ ይውረድ፤ ክፍል ውስጥም ሲነሳ ተማሪው የቤቱን አጽም ያያል።

የእጅ ሙያቸው አስተማማኝ ነው፣ ልካቸውም ትክክል ነው። ቀብድ ከመስጠታችሁ በፊት ግን የጎተራውን ምሰሶ፣ መሰላሉንና የቤቱን ካብ የሚያሳይ ሥዕል አስይዟቸው።